አሥራ ሰባት አንዶች

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1970

ለሁለት ነጠላ ጥለት ገጠምኩ፤ አንድ ቀሚስ ጨረስኩ። የስፌት መኪናዬ ክር መበጠስ ጀምራለች… ዘይት ነው የጎደላት ወይስ እርጅና? ሸማ ተራ ጭር ብሏል። ሰዉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይሮጣል።

አሸብር ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ሱቅ ገባ። ወንድሜ ሃያ ሦስት ዓመት ሞላው። እናታችን ስትሞት ስምንት ነበር። ሲርበው ፊቱ አሁንም የዚያን ጊዜው ነው። ሻይና ዳቦ ሰጠሁት። ዳቦውን ትቶ የልክ ጠመኔዬን አንስቶ ያንን ቁጥሩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጻፈው።

11111111111111111

«ስንት ነው?» አልኩት።

«አንድ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ተደርድሮ። ይካፈላል እትዬ። በምን እንደሚካፈል ግን አላውቅም።»

«ካላወቅህ መካፈሉን በምን አወቅህ?»

ሳቀ። ብቸኛ የሚባሉ ቁጥሮች አሉ አለኝ፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። እነሱን ሳያካፍሉ መለያ ፈተና አለ። ይህንን በአሥር ፈተነው፤ ብቸኛ መስሎ አለፈ። በሁለት ፈተነው፤ ወደቀ። አንዴ ከወደቀ አለቀ፣ ብቸኛ አይደለም። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው ማለት ነው። የትኞቹ ናቸው? እሱን ፈተናው አይናገርም።

«ሰው ሲዋሽሽ መዋሸቱን ታውቂያለሽ አይደል? እውነቱ ምን እንደሆነ ግን ላታውቂ ትችያለሽ። እንደዚያ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈልግ ኖረ። ፈረንጅ አገር ያገኘው ሰው አይጠፋም አለኝ፤ ግን መጽሐፍ ላይ ማየት አይፈልግም፣ በራሱ ሊደርስበት ነው። ሰው ለዳቦ ይሰለፋል፣ የኔ ወንድም…

ሲሄድ አንዱን ደብተር ረስቶ ሄደ። ከኋላው ባዶ ገጽ ስላለው የደንበኛ ልክ ጻፍኩበት። ይቆጣኝ ይሆን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

ወሰዱት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

እጄ ትናንት እምቢ ስላለኝ ነው አንድ ቃል ብቻ የጻፍኩት።

ቤት ለቤት አሰሳ ነበር። ስድስት ሆነው ገቡ። ፍራሽ ገለበጡ፣ የሽሮ ጣሳ ሳይቀር ደፉ። ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ከመደርደሪያው የአሸብርን ሌላ ደብተር አነሳ። ገለጠው። አንድ አንድ አንድ አንድ… ገጹ ሙሉ። ከሥሩ የተሰረዙ ረጃጅም ቁጥሮች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ነው» አለ አሸብር። ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ ነው ያስቆጣቸው? አላውቅም። ጫማውን እንኳ እንዲያደርግ አልጠበቁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

የት እንዳለ ተነገረኝ። ከፍተኛው ግቢ ነው፣ ቀበሌዎቹን የሚያዘው ጽሕፈት ቤት። ስንቅ ይዤ በሩ ላይ ተሰለፍኩ። ሁሉም ሴት ነው። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ከፊቴ የነበሩት እትዬ አመተ ሥላሴ የሚባሉ አሮጊት ብቻ ዞር ብለው «ወጥ አታብዢ፣ ሲፈትሹት ይደፉታል» አሉኝ። ልጃቸው ከታሰረ ስድስተኛ ወሩ ነው።

ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ባዶ ከሆነ በልቷል ማለት ነው። በልቷል ካልኩ ደግሞ…

ሐሙስ፣ ኅዳር 29

ከሰልፉ ጠርተው አስገቡኝ።

መርማሪው ጓድ አለሙ ይባላል። ድሮ አስተማሪ ነበር። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። የአሸብር ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል።

«አሥራ ሰባት ሰዎች ናቸው» አለኝ። «እያንዳንዱ አንድ፣ አንድ ሰው። ወንድምሽ ስማቸውን አልናገርም ብሏል።»

«ጓድ፣ ሒሳብ ነው።»

«እሱም እንደዚያ ይላል። ይካፈላል ይላል። በምን? ስንለው አላውቅም። እኔም ሒሳብ አስተምሬአለሁ። አሥራ አምስት ይካፈላል የሚል ሰው ሦስትንና አምስትን ያውቃል። አካፋዩን ሳያውቅ ይካፈላል የሚል ሰው ወይ ይዋሻል፣ ወይ ቁጥሩ ቁጥር አይደለም።»

የውሸታሙን ሰው ምሳሌ ልነግረው አሰብኩ። ተውኩት። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ውሸት ምን ይወራል?

«አካፋዩን አምጪልኝ» አለ። «ሁለቱን ቁጥሮች። አባዝቼ እነዚህ አንዶች ከመጡ ሒሳብ መሆኑን አምናለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ወንድምሽ እስካለ ድረስ።»

ከዚያ አሸብርን አስመጣው። ሁለት ሰው ደግፎት ገባ። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ያ ጨርቅ የኔ ስፌት ነው፣ ሸሚዙ ነበር።

«እትዬ፣ ሁለተኛው ደብተር ሱቅ አለ?»

«አለ።»

«ከ1224103 ቀጥይ። እስከዚያ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ባለው የሒሳብ መኪና ሞክሬ ጨርሻለሁ። ሠላሳ አራትን በተራ ቁጥር እያባዛሽ አንድ አንድ ጨምሪ። ከእነዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ ተይው፣ አያካፍለውም። በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት የሚካፈለውንም ዝለይው።»

«አሹ፣ እግርህ…»

«ሠላሳ አራት፣ እትዬ። አንድ መጨመሩን እንዳትረሺ።»

ወሰዱት። ስለ እግሩ አልነገረኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ማካፈል ግን አልጠፋኝም። በ1224137 ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቀሪ አለው። አያካፍልም።

ዛሬ ስድስት ሞከርኩ። ስድስቱም አያካፍሉም። ሁለት ደንበኛ መለስኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

መሳለሚያ ወርጄ ጋሽ ጠይብን አናገርኩ። የጽሕፈት መኪና ይጠግናሉ፤ አባታችንን ያውቁ ነበር። የሒሳብ መኪና እንዳላቸው ሰምቻለሁ፤ ባለቤቷ ለጥገና አምጥቷት አገር ጥሎ ሄደ።

«ወላሂ አልጋነሽ፣ እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም።»

«ሒሳብ ነው፣ ጋሼ።»

«ዘንድሮ ሒሳብም ፖለቲካ ሆኗል።»

ከፊታቸው አልተነሳሁም። ሄደው የሱቃቸውን በር ገርበብ አደረጉ። ከመደርደሪያ ላይ ጥቁር ብረት አውርደው አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ትንንሽ ዘንጎች አሏት፤ ቁጥሩን በእነሱ ታስገቢያለሽ። ከጎኗ እጀታ አለ። አንድ ዙር፣ አንድ መቀነስ። ከልክ ካለፍሽ ደወል ይመታል፤ አንድ ዙር ወደኋላ ትመልሻለሽ። አሥራ ሦስት አሃዝ ብቻ ነው የምትይዘው፤ የአሸብር ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ስለዚህ በሁለት ጊዜ።

ጋሽ ጠይብ አስተማሩኝና «ሰውዬው የሚፈልገው ግን ቁጥር አይመስለኝም» አሉ።

«ሌላ ምን አለኝ?»

እጀታውን ዘይት ቀቡት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 29

ገና ነው። ዶሮ ወጥ ይዤ ሄድኩ። ፈታሹ በሽቦ አማሰለው። ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ቁጥር። አንዱም አያካፍልም።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

አሁን ሥራችን መልክ ያዘ። ጠዋት ስንቅ አደርሳለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት እሰፋለሁ። ከዚያ መሳለሚያ። ጋሽ ጠይብ ያዞራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ለሶላት ሲነሱ እኔ አዞራለሁ። በቀን ሰባ ያህል እንጨርሳለን።

ዛሬ እርሳሳቸውን አንስተው አንድ ነገር አሰሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ተባዝተው ነው ይህን የሚሰጡት፤ ስለዚህ ትንሹ ከመቶ ስድስት ሚሊዮን አይበልጥም። እሺ። እዚያ ድረስ መሄድ ካለብን…

ወረቀቱን ገለበጡብኝ። ነጥቄ አየሁት።

ከሃምሳ ዓመት በላይ።

«ቅርብም ሊሆን ይችላል» አሉኝ። «ነገ ሊሆን ይችላል።»

ሰማንያ አራት ዓመት ይሆነኛል ያኔ። አሸብር ሰባ ሦስት።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

እትዬ አመተ ሥላሴን ዛሬ ስንቃቸውን አልተቀበሏቸውም። ጠባቂው ሳህኑን መለሰላቸው። «ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው።

አልጮሁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ እዚያው ሰልፉ መሃል። ከዚያ ሳህኑን ለኔ ሰጡኝ። ትኩስ ነው፣ ለሱ ጨምሪለት ብለው።

ጨመርኩለት። በላው።

ዛሬ ወደ መሳለሚያ አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ሦስት ቀን የሠራነው ሁሉ ከንቱ ነው። እሑድ ወረቀቱ ስላለቀ ቁጥሩን በአዲስ ገጽ ስገለብጥ አሥራ ስድስት አንድ ነው የጻፍኩት። አንድ አንድ ጎደለች። ከሁለት መቶ በላይ ማካፈል… የሌላ ቁጥር።

ጋሽ ጠይብ ዛሬ በጣታቸው ሲቆጥሩት ነው የታወቀው። ደጋግመው ቆጠሩ። ቀና ብለው አዩኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «ከእሑድ እንጀምር» አሉ። አለቀስኩ። ባለቤታቸው ራዲያ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ተቀመጠች ብቻ።

እሱ እኮ እዚያ ሆኖ እየጠበቀኝ ነው። እኔ ደግሞ መቁጠር አቃተኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 22

ፋሲካ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ባዶ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 18

ጋሽ ጠይብ ጁምዓ ሄደዋል። ብቻዬን ነበርኩ።

2071723። በእጀታው ዙር፣ ዙር፣ ደወል፣ መለስኩ። የመጀመሪያው ግማሽ አለቀ። ሁለተኛውን አስገባሁ። ዙር… ዙር… መስኮቶቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ በአንድ ዜሮ ሆኑ። ከግራ ጀምሮ። የመጨረሻዋ ዜሮ ሳትሆን ትቀራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይቀራላ። አልቀረም። ሁሉም ዜሮ።

መኪናዋ የተበላሸች መሰለኝ። አልነካኋትም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጋሽ ጠይብ እስኪመጡ ጠበቅኩ። መጥተው አዩ። ቁጭ አሉ። እሳቸውም ከመጀመሪያው አዞሩት። ዜሮ።

ከዚያ በእጅ አባዛነው፣ ሦስት ጊዜ፤ እሳቸው አንድ፣ እኔ ሁለት።

2071723 በ5363222357።

አንድ አንድ አንድ አንድ አንድ… አሥራ ሰባት። በጣት ቆጠርናቸው። ጋሽ ጠይብ «ያ ረቢ» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እኔ ሳቅሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከኅዳር ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 21

ገባሁ። ወረቀቱን አስቀመጥኩለት።

ጓድ አለሙ ሁለቱን ቁጥሮች አየ። አላመነኝም፤ ራሱ ማባዛት ጀመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አንድ ቦታ ተሳሳተ፣ ሰርዞ እንደገና ጀመረ። ሲደምር ከቀኝ ወደ ግራ አንዶቹ መውጣት ጀመሩ። አንድ… አንድ… አንድ… እጁ ቀስ እያለ መጣ። ሲጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እውነትሽን ነው» አለኝ።

ተንሰቀሰቅሁ። ስድስት ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነዋ! «ወንድሜ እንግዲህ…» ስል በእጁ ዝም አሰኘኝ።

ትንሹን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በእስክሪብቶው ሁለት መስመር አሰመረበት።

20 | 7 | 1723

«ከፍተኛ ሃያ» አለ ቀስ ብሎ። «ቀበሌ ሰባት። የቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ሃያ ሦስት።»

የሚቀልድ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት።

«እዚህ ቤት ማነው ያለው?»

«ጓድ… ቁጥር ነው እኮ። አካፋዩ ነው። ማንም ሰው አላስቀመጠውም።»

«ሰው ያላስቀመጠው ነገር የለም» አለ። «ወንድምሽ ስድስት ወር ሙሉ የደበቀውን አንቺ ፈታሽልን። ጎበዝ ነሽ።»

ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 22

እንዲህ ዓይነት ቤት ባይኖርስ? ቀበሌው ያን ያህል ቤት ላይኖረው ይችላል። አሥራ ሰባት መቶ ብዙ ነው። አይኖርም። አይኖርም።

ለጋሽ ጠይብ ነገርኳቸው። መኪናዋን መጋዘን አስገቧት። ቀና ብለው አላዩኝም።

ዓርብ፣ ሰኔ 2

ቤቱ አለ።

ጓድ አለሙ ራሱ ነገረኝ፣ በሩ ላይ፣ እንደ ምሥራች። «ሰውዬውን ይዘነዋል» አለኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 4

ሄድኩ። በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ምን ልሠራ? አላውቅም። አይቼው ልመለስ ነው ያልኩት።

ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። ቁጥሩ በነጭ ቀለም። 1723። ስመለከተው አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከፈተች። ሆዷ ስድስት፣ ሰባት ወር ይሆናል። ሰው ጠፍቶብኝ ነው አልኳት። ውሸት። ጠምቶሽ ይሆናል ግቢ አለችኝ።

ጽጌሬዳ ትባላለች። ባሏ ካሳ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፤ ጋጋሪ ነው። ማንበብ እንኳ ገና በመሠረተ ትምህርት መማሩ ነው።

«ግራና ቀኝ ያለውን ቤት አልነኩም» አለችኝ። «የበራችንን ቁጥር ከወረቀት ጋር አስተያዩ፣ ገቡ። በምን እንደጠረጠሩት አልነገሩንም። አንቺ ምን ይመስልሻል?»

ውሃውን ጠጣሁ። ጠጥቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 30

አሸብር ተፈታ።

ወረቀት ሰጡት። «በምርመራው በመተባበሩ» ይላል። በመኪና እስከ በራችን አደረሱት። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ገላውን አጠብኩት፤ ጀርባውን ሳይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምስር ወጥ በላ። ተኛ።

ወንድሜ ቤት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ይበልሽ እንጂ፣ አልጋነሽ!

ሰኞ፣ ሐምሌ 3

ነገርኩት። ዛሬ ጠየቀኛ።

«አገኘሽው እንዴ? እውነት አገኘሽው?»

ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩለት። ወረቀቱን ነጠቀኝ። ፊቱ በራ… እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ያ ፊት በራ። አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። «ሁለት ሚሊዮን! ቅርብ ነበር እኮ! ከዚያው ከዩኒቨርሲቲው መኪና ሳልርቅ ብቀጥል ዘንድሮ ራሴ እደርስበት ነበር!» በጣቱ ቁጥሩን ዳሰሰው። «ቆንጆ ነው እትዬ። አየሽ? ሠላሳ አራት ጊዜ 60933፣ ሲደመር አንድ።»

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ባልነግረው ምን ነበረበት? ግን «ታዲያ ሲያዩት አመኑኝ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ስለ መስመሮቹ ነገርኩት። ስለ ሰማያዊው በር። ስለ ካሳ። ስለ ጽጌሬዳ ሆድ።

ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈው። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

ሳልሰማው ተነስቶ ወጥቷል። ወደዚያው ወደ ከፍተኛው። በዚያ እግሩ!

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ጓድ አለሙ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። በሱ ቦታ ያለው አዲስ ሰው ነው። አሸብር ማስረዳት ጀመረ፤ አድራሻ አይደለም፣ አካፋይ ነው፣ ቁጥር ስም አያወጣም… ሰውዬው ሰዓቱን አየ።

«ካሳ እኮ አምኗል» አለው። «ስም ሰጥቷል። ከሱ ጋር ስድስት ይዘናል። አሥራ አንድ ይቀረናል።»

አሸብር ይህን የነገረኝ በሩን ተደግፎ ነው።

«እትዬ፣ ሊሞሉት ነው።»

እሑድ፣ ሐምሌ 16

ለጽጌሬዳ ነገርኳት። ቁጭ ብዬ አልነገርኳትም፣ ቆሜ ነው። «የቤታችሁን ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ ሌላውን ሁሉ። ወንድሜን፣ አንዶቹን፣ የጋሽ ጠይብን መኪና።

«ባሌን ታውቂው ነበር?»

«አላውቀውም።»

«ቤቱንስ?»

«እንዳለም አላውቅም ነበር።»

የሒሳቡ ነገር የገባት አልመሰለኝም። ወይም ከማንም በላይ ገብቷታል።

«ቁጥር ነው ትያለሽ» አለች። «ታዲያ ቁጥሩን ይዘሽ ወደነሱ ለምን ሄድሽ?»

«ወንድሜ ነዋ።»

«አዎ» አለችኝ። «ወንድምሽ ነው።» በሩን ዘጋችው። በኃይል አይደለም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 10

አሸብር ዩኒቨርሲቲ አልመለስም አለ። እህል በረንዳ ጆንያ መሸከም ጀምሯል። በዚያ እግሩ እንዴት ይሸከማል? ሲመሽ ትከሻው ላይ የጤፍ ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ ይበላል፣ ይተኛል።

አለቃው ዛሬ ሱቅ መጥቶ ነገረኝ። «የተማረ መሆኑን ሰምቼ የጆንያ ቆጣሪ ላድርገው ብለው እምቢ አለኝ። ምን ነካው?»

ምን ልበለው… «መሸከም ይወዳል» አልኩት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 26

ጽጌሬዳ ወለደች። ከጎረቤቷ ነው የሰማሁት። ሴት ልጅ። ደም በዝቶባት ነበር፤ ተርፋለች። መራመድ አትችልም። ስንቅ የሚያደርስላት የለም። ዘመዶቿ አገር ቤት ናቸው፣ ጎረቤት ደግሞ በዚያ በር መታየት ይፈራል።

ለጎረቤቷ «እኔ አደርሳለሁ በያት» አልኳት። ሄዳ ተመለሰች።

«ሳህኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጥላታለሁ፣ እንዳትገባ ብላለች።»

ቅዳሜ፣ መስከረም 6 ቀን 1971

ዛሬ አሥራ አምስተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ሰማያዊው በር ጋ እደርሳለሁ። ሳህኑ በጨርቅ ታስሮ ደፉ ላይ ይጠብቀኛል። በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ከዚያ ጽጌሬዳ እሹሩሩ ስትል። እኔ መምጣቴን ታውቃለች፤ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ሳህኑን አንስቼ እሄዳለሁ። ማታ ባዶውን እመልሳለሁ፣ እዚያው ደፉ ላይ።

አዲስ ጠባቂ ነው ዛሬ። መዝገብ ይዟል።

«ለማን ነው?»

«ለካሳ።»

«ምኑ ነሽ?»

እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ጎረቤት ብል አይቀበሉኝም፤ ቤተሰብ ብቻ ነው።

«እህቱ ነኝ።»

ጻፈ። ሳህኑን ይዞ ገባ። ዝናብ ጀመረ፤ ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ ቆምኩ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱን አጨማዶ ነው።

«እህት የለኝም ይላል።»

ጠባቂው መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶውን ሳህን ዘረጋልኝ።

«ግን በልቷል» አለኝ።

ነገም እሄዳለሁ።